አክሪሊክ መስታወት አይደለም፦ ስለ 1960ዎቹ የጣሊያን መብራቶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«አክሪሊካ የተባለው መብራት አምፖሉ ግልጹ አካል ውስጥ ነው።»

አይደለም። ወንድማማቾቹ ጆ እና ጃኒ ኮሎምቦ እ.ኤ.አ. በ1962 ኦሉቼ ለተባለው የጣሊያን መብራት አምራች የነደፉት፣ በ1964 ሚላኖ ትሪዬናሌ በተባለው የዲዛይን ዐውደ ርዕይ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ይህ የጠረጴዛ መብራት ፍሎረሰንት አምፖሉን የሚደብቀው ከታች፣ ቀለም በተቀባው የብረት መቀመጫው ውስጥ ነው። ብርሃኑ በወፍራሙ አክሪሊክ (መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) የታችኛው ጠርዝ ይገባል፤ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ጥምዙን ተከትሎ ይወጣና በላይኛው ጠርዝ ላይ ይበራል። የአክሪሊክ የብርሃን ስብረት መጠን (ብርሃንን የማጠፍ አቅሙ) 1.49 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጨረሩ ለገጹ ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር ከ42 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ገጹን ከመታ ወደ አየር ማምለጫ የለውም። ተመሳሳዩን ለመሥራት የሚሞክሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ጥምዙን በማጥበብ ነው። የውስጠኛው ጥምዝ ሬዲየስ ቢያንስ የውፍረቱን ሁለት እጥፍ ካልሆነ (ለ20 ሚሊሜትር ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር በላይ) ብርሃኑ መንገድ ላይ ይፈስሳል።

«ጭረት መልክ ብቻ ነው የሚያበላሸው።»

ብርሃን በሚያሰራጭ ነጭ ሽፋን ላይ፣ አዎ። እንደ አክሪሊካ ባለው ላይ ግን እያንዳንዱ ጭረት ብርሃን የሚያፈስ ቀዳዳ ነው፤ መብራቱ ሲበራ ጭረቱ ራሱ ያበራል፣ ጫፉ ይደበዝዛል። ቀላል ጭረት በውሃ እያራሱ በ800፣ በ1200፣ ከዚያም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ በመጨረሻ በፕላስቲክ ማጽጃ ክሬም ይወለወላል። ቁጥር መዝለል አያዋጣም፤ የበፊቱ ወረቀት የተወው መስመር ይቀራል።

«መስታወት ማጽጃ ይበቃዋል።»

ይህ ስህተት ነው ብዙ መብራት የሚገድለው። አክሪሊክ ለመጠምዘዝ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ፈጥኖ ከቀዘቀዘ ውጥረት ውስጡ ይቀራል። በኋላ አልኮል ወይም አሴቶን ሲነካው ያ ውጥረት ፀጉር በሚያክሉ ስንጥቆች ይፈነዳል። ስንጥቁ አይጠገንም። የመስታወት ማጽጃዎች ደግሞ ብዙዎቹ አልኮል ወይም አሞኒያ አላቸው። ስለዚህ ሶኬቱን ንቀሉ፤ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፤ በደረቅ ጨርቅ አትሹት፣ ይጭረዋል፤ በመታሸት የሚፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክም አቧራ ይጠራል። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ውሃ አይንካው።

«ጠንካራ አምፖል ብርሃኑን ያሻሽላል።»

አክሪሊክ 80 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ከቆየ መለስለስ ይጀምራል። ዲዛይነሯ ጋኤ አውሌንቲ በ1965 ማርቲኔሊ ሉቼ ለተባለው መብራት አምራች የነደፈችው ፒፒስትሬሎ (የሌሊት ወፍ ማለት ነው) ክንፍ የመሰለ ወተትማ አክሪሊክ አለው፤ ከተጻፈው ዋት በላይ የሆነ የድሮ አምፖል ሊያጎብጠው ይችላል። 2700 ኬልቪን (ሞቅ ያለ ቢጫማ የብርሃን ቀለም) ኤል ኢ ዲ ሞቅ ያለ መልኩን ሳይለውጥ ሙቀቱን ይቀንሳል።

«ያኔ የተሠራ የፕላስቲክ መብራት ሁሉ አክሪሊክ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉም ቢጫ ይሆናል።»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። ዲዛይነሮቹ የካስቲሊዮኒ ወንድማማቾች የሠሩት ታራክሳኩም መብራት (1960) በብረት ቀፎ ላይ የተረጨ ሬዚን ነው፤ የዲዛይነሩ ማጂስትሬቲ ኤክሊሴ መብራት ጭራሽ ብረት ነው። አክሪሊክ ደግሞ ፀሐይን በደንብ ይቋቋማል፤ ቢጫ የሚመስለው ብዙ ጊዜ የሲጋራ ጭስ ነው፣ በሳሙና ውሃ ይለቃል።