ከላይ ያየነውን ለምን ከታች እንስለዋለን?

ደብረ ማርቆስ ቴክኒካል ድሮዊንግ (የሚሠራ ዕቃን ከየጎኑ እያዩ መሳል) ከሚማሩ ልጆች ጋር ስንቀመጥ አንድ ጥያቄ ሁሌ ይመለሳል። «ከላይ የታየውን አንዱ መጽሐፍ ከታች፣ ሌላው ከላይ ይስለዋል። የቱ ነው ልክ?» ሁለቱም ልክ ናቸው። ግራ ብትጋቡ አይገርምም።

ጀበና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ጡቱ ወደ ግራ፣ እጀታው ወደ ቀኝ ይሁን። ከፊት ያያችሁትን መሀል ላይ ሳሉ። አሁን በግራ በኩል ዞራችሁ እዩት። ጡቱ ፊት ለፊታችሁ ተደቀነ። ይሄን ስዕል የት እናድርገው?

ለዚህ ሁለት ዘዴዎች አሉ፦ ፈርስት አንግልና ሰርድ አንግል። በፈርስት አንግል ወረቀቱ ከጀበናው ኋላ እንዳለ አስቡት። ከግራ ባትሪ ብታበሩበት ጥላው ቀኝ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የግራው እይታ በቀኝ ይሳላል። ከላይ የታየውም ከታች ያርፋል። በሰርድ አንግል ግን ወረቀቱ በእናንተና በጀበናው መሀል እንዳለ የመስኮት መስታወት ነው። የግራው በግራ፣ የላዩ በላይ ይቀራል።

ጀበናው ያው ጀበና ነው፤ የተለወጠው የስዕሎቹ ቦታ ብቻ ነው። የሁለቱ ዘዴዎች አሠራር የትም አገር አይቀየርም። የሚለያየው ልማዱ ነው፦ አውሮፓ በአብዛኛው ፈርስት፣ አሜሪካ ሰርድ ይጠቀማሉ። ስለዚህ አትገምቱ፣ ከወረቀቱ ጥግ ምልክቱን ፈልጉ። ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣና ሁለት ክቦች ናቸው። የሾጣጣው ጠባብ ጫፍ ወደ ክቦቹ ከዞረ ሰርድ፣ ጀርባውን ከሰጣቸው ፈርስት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን እንዳትቀላቅሉ፤ ስዕሉን አይቶ ዕቃውን የሚሠራው ሰው ቀዳዳ ቢኖረው በተቃራኒው ጎን ይበሳዋል።