የጨርቅ እንስሳት ቅርጽ፣ ከመኪና ግርግር ሲታይ

በሐረር፣ በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያወጡለት የስፌት መኪናዎቹ ናቸው። ጨርቁ ከሱቅ ይገዛል፤ ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ለክቶ፣ ቆርጦ ይሰፋዋል። የዘመናችን ሠዓሊያን ከጨርቅ እንስሳ የሚመስል ቅርጽ ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ዕውቀት ከዚህ ሰው ዕውቀት የተለየ አይደለም።

ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ሲጎተት እምብዛም አይሳብም፤ በሰያፍ ሲጎተት ግን ይለጠጣል። ስለዚህ የሚታጠፍ አንገት በሰያፍ፣ ክብደት የሚሸከም እግር በድሩ ልክ ይቆረጣል። ሁለት ጎን ብቻ ገጥሞ የሰፋ ሰው የሚያገኘው ትራስ ነው። ከሆድ በኩል ሦስተኛ ቁራጭ ሲገባ እግሮቹ ይለያያሉ፤ እንስሳው ይቆማል። ስፌቱ በውስጥ በኩል ያልቅና በተተወችው ክፍተት ይገለበጣል፤ ጥጥ ወይም ቁርጥራጭ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ክፍተቷ በእጅ ትዘጋለች። ጅብን ጅብ የሚያሰኘው ነጠብጣቡ ሳይሆን ከፊት እግሩ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቀው ጀርባው ነው። ሐረር ያደገ ሰው፣ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሲበላ ያየው ሁሉ፣ ይህን መስመር በጨለማም ይለየዋል። ቆራጩ መስመሩን ከሳተ ቀለም አያድነውም።

ለስላሳ ቅርጽ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ቀራጺው ክላስ ኦልደንበርግ በ1962 ኒው ዮርክ ውስጥ ከሸራ የተሠሩ ግዙፍ ሃምበርገርና ኬክ አሳየ። የሰፋችው ባለቤቱ ፓቲ ሙካ ነበረች፤ ስሟ ግን ከእሱ ስም ጎን እምብዛም አልተነሣም። ይህ ትልቅ በደል ነው፤ በዚህ ጥበብ ስፌቱ ራሱ ቅርጹ ነውና። ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ አኔት ሜሳዤ ደግሞ በ1971 እና በ1972 ለሞቱ ድንቢጦች በልካቸው የሱፍ ልብስ ሠራች።

ቀራጺዋ ሉዊዝ ቡርዡዋ ያደገችው አሮጌ ባለሥዕል ምንጣፎችን በሚጠግኑ ወላጆች ቤት ነው። በስተርጅናዋ ለዓመታት ያስቀመጠቻቸውን የራሷንና የእናቷን ልብሶች እየቆረጠች አካላትን ሰፋች። በ1997 በሠራችው ሥራ አንዲት ግዙፍ የብረት ሸረሪት በእግሮቿ መካከል የምንጣፍ ቁራጮች የተሰቀሉበትን የሽቦ ክፍል ታቅፋለች። ብረቱ ደጅ ማደር ይችላል። ጨርቁን ግን ፀሐይ ያነጣዋል፣ ብልም ይበላዋል፤ ስለዚህ ሙዚየሞች አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በማይበልጥ ደብዛዛ ብርሃን ያኖሩታል።