ለመጀመሪያ ጊዜ ለትምህርት አሜሪካ ልትሄዱ ነው? ስለ ቻርጀር፣ ስለ ስልክና ስለ ዶላር የሚወራው ሁሉ ልክ አይደለም

የአክስቴ ልጅ ነሐሴ ላይ እኔ ወዳለሁበት አሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ሰሞኑን በየቀኑ ቴሌግራም ላይ «እንዲህ ይባላል፣ እውነት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል፣ ግማሹን እኔም አምኜው የመጣሁት ነገር ነው። ለሱ የመለስኩትን ለሌሎቻችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

«አዳፕተር ካለ ሁሉም ዕቃ ይሠራል»

አይሠራም። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ ነው የሚያስተካክለው፣ መብራቱን አይቀይርም። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፣ እዚህ 120። የቻርጀራችሁ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቧት፣ ኢንፑት 100-240 ካለች ሁለቱም አገር ይሠራል፣ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንደዛ ነው። ችግሩ የሚያሞቅ ዕቃ ላይ ነው። እማዬ በፎጣ ጠቅልላ የሰጠችኝን ኬትል ዶርም ደርሼ ሰካሁት፣ መብራቱ በራ፣ ደስ አለኝ፣ ከዛ ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ውሃው አይፈላም፣ ቤት 5 ደቂቃ የማይፈጀው ሩብ ሰዓት ፈጀ። 2000 ዋት የተባለው እዚህ የሚሰጠው 600 ገደማ ነው ለካ። ካውያም ምጣድም ያው ነው፣ እዚህ ያሉ አበሾች የሚጋግሩት በ120 በሚሠራ ምጣድ ነው። ኪሎውን ለበርበሬና ለሽሮ አድርጉት፣ ሲጠይቋችሁ ግን ምግብ ይዣለሁ በሉ።

«ፓወር ባንክ ሻንጣ ውስጥ ይግባ»

በፍጹም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። ያለ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት አወር ነው፣ 20,000 mAh የሚለው 74 ዋት አወር አካባቢ ስለሆነ ችግር የለውም።

«አዲስ ስልክ ከዚሁ ገዝቼ ልሂድ፣ ስልክ የትም ስልክ ነው»

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ነው የሚከስረው። የአሜሪካ ኔትዎርክ የሚጠቀመው ባንድ (ስልኩ የሚይዘው ሞገድ) ከኛ የተለየ ነው፣ ለአፍሪካ ገበያ ተብለው የሚሠሩ ብዙ ስልኮች ደግሞ እነዚህ ባንዶች ይጎድሏቸዋል። በዛ ላይ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በ2022 ስሪ ጂ ስለዘጉ ጥሪው ራሱ በፎር ጂ ነው የሚሄደው፣ ስልኩ ያንን ካልቻለ ዳታ እየሠራ መደወል አይቻልም። አንድ ጓደኛችን በአዲስ ስልክ መጥቶ እንዲሁ ሆኖበት ሁለት ሳምንት በዋይፋይ ብቻ ነው የኖረው። ሴቲንግ ገብታችሁ ሞዴል ቁጥሩን ውሰዱ፣ የምትይዙት ኩባንያ ሳይት ላይ አስገብታችሁ ቼክ አድርጉ፣ ካልሆነ ባለው ስልክ ኑና እዚህ ግዙ። ስትገዙም አንሎክድ (ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ ያልተቆለፈ) መሆኑን ጠይቁ።

«ከሄድኩ በኋላ የኢትዮጵያ ሲም ምን ይሠራልኛል»

ኧረ ብዙ ይሠራል! ቴሌብሩ፣ የባንክ አፑ፣ ቴሌግራሙ፣ ኢሜይሉ ሁሉ ኮድ የሚልከው ወደዛች ቁጥር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሮሚንግ አስከፍቱ፣ ሲሟን አትጣሉ፣ ረጅም ጊዜ ሳትሠራ ከቆየች ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ቴሌግራም ላይም ሁለተኛ ፓስወርድ አሁኑኑ አድርጉ።

«ዶላር መቶ መቶውን ነው መያዝ፣ ትንሽ ጭንቅላት ያለውን አትቀበል»

ትንሽ ጭንቅላት የሚባለው ላዩ ላይ ያለው የሰው ምስል አነስ ያለው አሮጌው ኖት ነው፣ ይሄ የኛ ሰፈር የምንዛሬ ወሬ ነው። አሮጌውም አዲሱም አሜሪካ ውስጥ እኩል ገንዘብ ነው፣ ትንሽ ጭንቅላት ስለሆነ ዋጋው አይቀንስም። መቶው ነው ይልቅ የሚያስቸግረው፣ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ከ20 በላይ አንቀበልም ብለው ለጥፈዋል፣ አውቶቡስ ደግሞ መልስ አይሰጥም። እኔ የመጀመሪያው ቀን ኪሴ ሙሉ መቶ መቶ ይዤ ሾፌሩን ሳየው አየኝ፣ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ ወርጄ በሁለት ሻንጣ በእግሬ ነው የሄድኩት። ባንክ ስትቀበሉ አንድ፣ አምስትና ሃያ ጨምሩልኝ በሉ፣ የሰጧችሁንም ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት፣ ቦሌ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ካሽ ጭራሽ የማይቀበል ቦታም ስላለ ባንካችሁ ውጭ የሚሠራ ካርድ ካለው አውጡ፣ እዛው ሳላችሁም አንዴ ሞክሩት።

«ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዝክ ይወስዱብሃል»

አይወስዱም፣ ቀረጥም የለውም። አሜሪካ ስትገቡ ፎርም ሞልታችሁ ማሳወቅ ብቻ ነው፣ የሚወሰደው ሲደበቅ ነው።

«ትንሽ ገንዘብ ይበቃኛል፣ እንደደረስኩ እሠራለሁ»

ይሄን በጣም አስቡበት። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ትምህርት እያለ የሚፈቅደው ካምፓስ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ሥራው ተገኝቶ፣ ለደሞዝ የሚያስፈልገው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወጥቶ፣ የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪገባ ሳምንታት ያልፋሉ። የቤት ኪራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስያዣ ይጠይቃል፣ የመጻሕፍቱም አለ፣ ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ወር ወጪ በእጃችሁ ይኑር። ቤተሰብን ማስጨነቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ቀድሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር እዚህ ደርሶ ማታ ማታ እየደወሉ ከማልቀስ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጣችሁን ወረቀት፣ አይ-20ውን፣ ደግሞ ስልክ ላይ ፎቶ አለኝ ብላችሁ ኦሪጅናሉን ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ኢሚግሬሽኑ ሻንጣ ከመውሰዳችሁ በፊት ነው።