ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን አሮጌ ነው?

ድሬዳዋ አየር ማረፊያ ላይ ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ቆሞ ሲያዩ «ዛሬ ደግሞ የድሮውን አመጡብን» ብለው የሚሰጉ መንገደኞች አሉ። ስጋቱ ከፕሮፔለሩ የመጣ ነው፤ ግን መሠረት የለውም። የዚህ አውሮፕላን ሞተር ቱርቦፕሮፕ ይባላል፤ ውስጡ እንደ ጄት ተርባይን ነው። አየር ይታመቃል፣ ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል፣ ትኩሱ ጋዝ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ ደግሞ በማርሽ አማካይነት ባለ ስድስት ምላጩን ፕሮፔለር ያሽከረክራል። በፒስተን የሚሠራው የጥንቱ ሞተር ሌላ ነው።

ጄት ጥቂት አየር በኃይል ወደ ኋላ ሲወረውር ፕሮፔለር ብዙ አየር በዝግታ ይገፋል፤ በመካከለኛ ፍጥነት ይህ ነዳጅ ይቆጥባል። ከአዲስ አበባ ድሬ በአየር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጄት 11,000 ሜትር ቢወጣ እንኳ ወዲያው መውረድ ይጀምራል። ኪው 400 ከ7,600 ሜትር በታች እየበረረ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ልዩነቱ የደቂቃዎች ነው።

ኪው 400 ከ80 ያነሰ ሰው ስለሚይዝ ትልቅ አውሮፕላን ግማሹን ባዶ ከማብረር ይልቅ በቀን ደጋግሞ መመላለስ ያዋጣል። ከሐረር በመኪና ወርዶ ለሚሳፈር ሰው የበረራ ሰዓት አማራጭ ማግኘት ትልቅ ጥቅም ነው።

ጩኸቱና ንዝረቱ ግን እውነት ነው፤ ከፕሮፔለሩ ትይዩ ይበረታል። የሚከብድዎ ከሆነ ከዚያ ራቅ ያለ መቀመጫ ይጠይቁ።