የመንገድ ሥራ ካርድ ሲታደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ይህ ጽሑፍ በብሪታንያ መንገድ እየቆፈሩ የውሃ፣ የጋዝ፣ የመብራት ወይም የኢንተርኔት መስመር ለሚዘረጉና ለሚጠግኑ አማርኛ ተናጋሪዎች ነው። ሥራውን የሚገዛው የ1991ዱ የአዳዲስ መንገዶችና የመንገድ ሥራዎች ሕግ ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሠራተኛውም ሱፐርቫይዘሩም የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖራቸው ያዛል። ካርዱ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ነው። የእድሳቱ ጊዜ ሲቃረብ ሳይት ላይ የሚወራው ግን ብዙውን ጊዜ ከሕጉ ጋር አይገጥምም። ሰምቶ ዝም ማለት የማይገባኝን ላንሳ።

«እድሳት ማለት ከፍሎ አዲስ ካርድ መቀበል ነው።»

አይደለም። የሚታደሰው ፕላስቲኩ ሳይሆን ብቃቱ ነው። ባለካርዱ እውቅና ባለው የምዘና ማዕከል በያዘው የሥራ ዘርፍ እንደገና ተመዝኖ ማለፍ አለበት። ለምን ቢባል ደንቡ ራሱ ስለሚቀየር ነው። ብዙዎቻችን ሬድ ቡክ የምንለው የመንገድ ሥራ ደህንነት መመሪያ አዲሱ እትም በ2013 ወጥቶ ከኦክቶበር 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ በእንግሊዝ የመንገድ ባለሥልጣናት ራሳቸው የሚያሠሩትን ሥራ ጭምር የሚያስገድድ ሆነ። የተቆፈረ መንገድ ተሞልቶ የሚመለስበት መስፈርት ደግሞ በእንግሊዝ በ2021 ወደ አራተኛው እትም ተሸጋግሯል። በ2019 ካርድ ያወጣ ሰው ጉድጓድ መሙላትን የተማረው በሦስተኛው እትም ነበር ማለት ነው። ምዘናው ባይኖር ይህ ሰው የድሮውን ደንብ በቅን ልቦና ለዓመታት ይዞ ይቀጥል ነበር፤ ደንቡ መቀየሩን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይሆንም።

«ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው ምን ልማር?»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለዚህ በአክብሮት መመለስ አለበት። ልምድ አፈሩን፣ ማሽኑን፣ አስፋልቱን ያስተምራል፤ ርቀትን ግን አያስተምርም። እንዲያውም አደጋ ሳይደርስ ያለፈ እያንዳንዱ ቀን «እንዲህም ይቻላል» እያለ ሰውን ያዘናጋል።

በሥራው ቦታና በሚያልፈው መኪና መካከል የሚተወውን ሴፍቲ ዞን እንውሰድ። የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 40 ማይልና ከዚያ በታች በሆነ መንገድ ላይ የጎን ስፋቱ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ 50 ማይልና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 1.2 ሜትር መሆን አለበት። ቦታው ባዶ የሚተው ነው። ኮንና ምልክት ለማስተካከል ካልሆነ በቀር ሰው አይገባበትም፤ አሸዋ አይከመርበትም፤ ጄኔሬተርም አይቆምበትም። ቦታ የጠበበበት ቡድን ግን መጀመሪያ የሚበላው ይህንን ባዶ ቦታ ነው። አንድ ሹፌር ለቅጽበት ሲዘናጋ ሠራተኛውን የሚያተርፈው ያ ግማሽ ሜትር መሆኑን የሚያስታውሰው የለም።

የእግረኛው ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ጊዜያዊ የእግረኛ መተላለፊያ ከተቻለ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ቦታ ከሌለ ደግሞ ከ1 ሜትር ያላነሰ ስፋት ያስፈልገዋል። ባሪየሩ ከላይ ከመሬት ከ1 እስከ 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ መደገፊያ፣ ከታች ደግሞ ቢያንስ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አግዳሚ ሊኖረው ይገባል፤ የአግዳሚው የታች ጠርዝ ከመሬት ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ቁጥሩ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። ዓይነ ስውር ሰው በነጭ በትሩ የሚያገኘው ያንን የታችኛውን አግዳሚ ነው። ከኮን ወደ ኮን የተወጠረ የፕላስቲክ ሪባን ለእሱ የለም፤ በትሩ ከሥሩ አልፎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ሕጉ የአካል ጉዳተኞችን ፍላጎት ለይቶ የጠቀሰው ለዚህ ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ይህን ሁሉ ሊያውቅ ይችላል። የሚያውቅ ከሆነ ምዘናው አይከብደውም።

«የሱፐርቫይዘር ካርድ ያለው የሠራተኛውንም ይሸፍናል።»

ስህተት ነው፤ ብዙ ሳይት የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይጠይቃል። አንደኛ፣ ሥራው ብቃት ባለው ሱፐርቫይዘር ቁጥጥር ሥር መካሄድ አለበት። ሁለተኛ፣ ሥራው እየተካሄደ ባለበት ሰዓት ሁሉ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ባለካርድ ሠራተኛ በቦታው መገኘት አለበት። ለየት ተደርገው ነፃ የተባሉ ጥቃቅን ሥራዎች አሉ፤ የተለመደው ቁፋሮ ግን ከእነሱ ውስጥ አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ የሚመዘነው መቆጣጠርን ነው፦ ምልክቱ በትክክል መቀመጡን ማየት፣ ጉድለትን መለየት፣ ማስተካከል። ሠራተኛው ደግሞ የሚመዘነው መሥራትን ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም ካርድ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ በአንዱ ግን የሌላውን ቦታ መሙላት አይችልም።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፦ «ከቡድኑ አንድ ሰው ካርድ ካለው በቃ» የሚባለው። አዎ፣ ያ ሰው ቦታው ላይ እስካለ ድረስ። ባለካርዱ በቫን አስፋልት ሊያመጣ ሄዶ የቀሩት ቁፋሮውን ከቀጠሉ፣ በዚያች ሰዓት ሳይቱ ብቁ ሰው የለውም። ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት መንገድ ላይ ሲሠራም እንዲሁ ነው። የመንገድ ባለሥልጣኑ የሱፐርቫይዘሩንና የሠራተኛውን ስም ከነማስረጃው መጠየቅ ይችላል፤ ግዴታውን አለመወጣትም መቀጮ ያስከትላል። በተቃራኒው ሱፐርቫይዘሩ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ መቆም አለበት የሚሉም አሉ፤ ሕጉ ይህን አይጠይቅም። በእኔ እምነት በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት ባለካርድ ሊኖር ይገባል። አንዱ ሲታመም ወይም ካርዱ ሲያልቅ ሥራው አይቆምም፤ ማንም ያለብቃት ለመሥራት አይገደድም።

«ሲኤስሲኤስ ካርድ አለኝ።»

እሱ የግንባታ ኢንዱስትሪው ካርድ ነው። ሌላ ጥቅም አለው፤ በ1991ዱ ሕግ የሚጠየቀውን ብቃት ግን አይተካም።

«ካርዱ አሁን ቢያልቅም ሥራው በሚቀጥለው ሳምንት ያልቃል።»

የካርዱ ቀን ለፕሮጀክቱ አይጠብቅም። ካርዱ ካለቀበት ቀን ጀምሮ ባለቤቱ በሳይቱ እንደ ብቁ ሰው አይቆጠርም፤ ብቸኛው ባለካርድ እሱ ከነበረ ሳይቱ በሙሉ ያለ ብቁ ሰው ቀረ። ይህን ሸክም አዲስ በተቀጠረ ሠራተኛ ላይ መጣል በጣም ያሳዝነኛል። «ትንሽ ቀን ነው፣ ዝም በል» የሚል አለቃ ቢኖር፣ ሕጋዊ ግዴታው የተጣለው መስመሩን በሚያሠራው ድርጅት ላይ መሆኑን ይወቁ። ሌላ ሰው እንዲመደብ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ እንደ ማመፅ ሊቆጠርብዎ አይገባም።

«ቀኑን የሚከታተለው ቢሮው ነው።»

ጥሩ ቢሮ ይከታተላል። ነገር ግን ካርዱ በእርስዎ ስም የወጣ የእርስዎ ነው፤ ቀጣሪ ሲቀይሩ አብሮዎት ይሄዳል። የድሮው ቢሮ የሚልከው ማስታወሻ ግን አብሮዎት አይሄድም። ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻ የብቃት መዝገቡን ለሚይዘው አካል ያሳውቁ። ካርድዎ የትኞቹን ዘርፎች እንደሚሸፍንም ያንብቡ፤ የምልክት፣ የመብራትና የአጥር ሥራ አንድ ነው፣ ከመሬት በታች ያሉ ኬብሎችንና ቱቦዎችን መለየት ሌላ ነው፣ ቁፋሮና ሙሌት ደግሞ ሌላ። ሁሉም በአንድ ቀን ላያልቁ ይችላሉ፤ የተወሰዱት በተለያየ ጊዜ ከሆነ የሚታደሱበትም ቀን ይለያያል።

ለምዘናው ሲዘጋጁ የአሁኑን ሬድ ቡክ በእጅዎ ይያዙ፤ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳል። እንግሊዝኛው የሚከብድዎ ከሆነ ከሥዕሎቹ ይጀምሩ፤ የምልክቶቹ ቅደም ተከተልና የኮኖቹ አሰላለፍ እዚያ ተስሏል። ቀጠሮውን ካርዱ ከማለቁ ወራት ቀደም ብለው ያስይዙ፤ አንዱን ዘርፍ ቢወድቁ ድጋሚ የሚቀመጡበት ጊዜ ይኖርዎታል።