ሳልሳ ለመጀመር የዳሌ ተሰጥኦ ያስፈልጋል? የጀማሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሳልሳ ለመማር ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ዳሌው፣ ስለ ዕድሜውና አብሮት ስለሚደንሰው ሰው ነው። ክፍል ከገባ በኋላ የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነው፦ ክብደቱ በየትኛው እግሩ ላይ እንዳለ አለማወቅ። ከታች ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ ሲፈተሹ እዚያው ላይ ይደርሳሉ።

«ዳሌዬ ስለማይንቀሳቀስ አልችልም»

ዳሌ የሚንቀሳቀሰው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው። ቆመው ይሞክሩት። እግሮችዎን አጠጋግተው ቀኝ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉ፣ ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ በግራ እግርዎ ላይ ያሳርፉ። የግራ ዳሌዎ ሳያዝዙት ወደ ጎን ይወጣል። ጥሩ ደናሾች ላይ የምናየው ይኸው ነው። ሆን ብሎ ዳሌውን የሚያወዛውዝ ጀማሪ ክብደቱ መሃል ላይ ስለሚቀር እርምጃው ይዘገያል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ዳሌን ረስቶ እግር ላይ ማተኮር ይሻላል።

«እስክስታ የሚችል ሰው ሳልሳ አይከብደውም»

ግማሹ እውነት ነው፤ ምት የለመደ ጆሮ ይጠቅማል። ነገር ግን ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ምቱ በሦስት በሦስት ይቧደናል። ሳልሳ አራት አራተኛ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ትከሻ ነው። ሳልሳ ላይ መሪና ተከታይ የሚግባቡት በእጅ፣ በክንድና በትከሻ በኩል ስለሆነ፣ የሚወዛወዝ ትከሻ ያልታሰበ ምልክት ይልካል። ለብቻ በሚደነስበት ጊዜ ግን ትንሽ እስክስታ ቢጨመር የሚቆጣ የለም።

«ቆጠራው ስምንት ስለሆነ እርምጃውም ስምንት ነው»

እርምጃው 6 ነው፦ 1፣ 2፣ 3፣ ከዚያም 5፣ 6፣ 7። 4 እና 8 ላይ አዲስ እርምጃ የለም። መሪው 1 ላይ በግራ እግሩ ወደፊት ይረግጣል፤ 2 ላይ ክብደቱን ባለበት ወደቆየው ቀኝ እግሩ ይመልሳል፤ 3 ላይ ግራው ተመልሶ ከቀኙ አጠገብ ያርፋል። 5 ላይ ቀኙ ወደኋላ ይሄዳል፣ 6 ላይ ክብደት ወደ ግራ ይመለሳል፣ 7 ላይ ቀኙ ቦታው ይገባል። ተከታይዋ ተቃራኒውን ትሠራለች፦ 1 ላይ በቀኝ ወደኋላ፣ 5 ላይ በግራ ወደፊት።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ 3 ላይ ነው። ጀማሪ ግራ እግሩን ወለል ያስነካል እንጂ ክብደቱን አያሳርፍበትም። 5 ሲደርስ የትኛው እግሩ ነጻ እንደሆነ ይጠፋዋል። መፈተሻው ቀላል ነው። 3 ላይ ይቁሙና ቀኝ እግርዎን ያንሱ፤ ሰውነትዎ ወደ ጎን ሳያዘነብል ከተነሳ ክብደቱ ተላልፏል። ካዘነበለ አልተላለፈም።

ሁለተኛው ችግር የእርምጃ ርዝመት ነው። በደቂቃ 180 ምት ባለው ዘፈን በሴኮንድ 3 ምት ያልፋል፤ ሩቅ የሄደ እግር በሲሶ ሴኮንድ ውስጥ አይመለስም። ከራስ ጫማ ርዝመት ያልበለጠ እርምጃ ይበቃል። (በአማርኛ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት» እያሉ በዚህ ፍጥነት መቁጠር ምላስ ያስራል። «አም፣ ስድ፣ ሰብ» እያሉ ማሳጠር ያግዛል።)

ከምት መውጣትም ምክንያት አለው። በእጅ ከሚመታው ከበሮ፣ ከኮንጋ፣ ድምፆች ጎልቶ የሚሰማው «ዱም ዱም» የሚያርፈው 4ኛው ምት ላይና ወዲያው ከእሱ ቀጥሎ ነው፤ 8 ላይም ይደገማል። እግር የማይረግጥበት ቦታ ማለት ነው። ጎላ ያለውን ድምፅ ተከትሎ የሚረግጥ ሰው 4 ላይ ይገባል። ድምፁን እንደ «ተዘጋጅ» ይስሙት፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወይ 1 ወይ 5 ነው። ዘፈኑ ሲሞቅ የሚገባው የብረት ደወል፣ ካምፓና፣ ደግሞ 1፣ 3፣ 5 እና 7ን ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ለጀማሪ ከሁሉም ቀላሉ መያዣ እሱ ነው።

«መሪ ይጎትታል፣ ተከታይ ይጎተታል»

ክሮስ ቦዲ ሊድ የሚባለውን፣ ተከታይዋ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የምትሻገርበትን እንቅስቃሴ እንይ። መሪው 1 ላይ እንደወትሮው ወደፊት ይረግጣል። 2 እና 3 ላይ ወደ ግራ ሩብ ዙር ዞሮ ከመንገዷ ይወጣል። 5፣ 6፣ 7 ላይ እሷ በተከፈተው መንገድ ቀጥ ብላ ታልፋለች። መንገዱን ሳይለቅ እጇን የሚስብ መሪ ከራሱ ጋር ያጋጫታል፤ ይህ የመሪ ስህተት እንጂ የተከታይ አይደለም። ተከታይም ሥራ አላት፤ ቆጠራዋን ራሷ ትጠብቃለች፣ ምልክት ሳይመጣ ገምታ አትዞርም።

በቀኝ ዙር ጊዜ፣ ማለትም ተከታይዋ ከተያያዘው እጅ ሥር ወደ ቀኝ ስትዞር፣ አውራ ጣት አይጨብጥም። እጅ ለእጅ በጣቶች ብቻ ይያያዛል፤ የተከታይዋ እጅ በመሪው እጅ ውስጥ መሽከርከር ካልቻለ አንጓዋ ይጠመዘዛል። የመሪው እጅ ከጭንቅላቷ በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆይ። እጁን ወደ ኋላዋ ከወሰደው ሚዛኗን ትስታለች።

«ጥንድ ሆኖ መምጣት፣ ከዚያም ተጣብቆ መደነስ ግድ ነው»

ሁለቱም ግድ አይደሉም። በብዙ ክፍሎች ተማሪው በየጥቂት ደቂቃው ተጓዳኝ ይቀያይራል። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የሚለማመድ የዚያን ሰው ስህተት ማካካስ ይለምድና ከሌላ ሲደንስ ይጠፋዋል። መቀራረቡን በተመለከተ፣ መሠረታዊው እርምጃም ዙሩም ክንድ ታጥፎ፣ ሁለት እጅ ተያይዞ፣ በመካከል ክፍተት ኖሮ ይሠራል። ተጣብቆ መደነስ በብዛት የሚታየው ባቻታ በተባለው ሌላ የላቲን ዳንስ ላይ ነው።

«የስፖርት ጫማ ይሻላል»

ለመዞር አይሻልም። ላስቲክ ሶል ወለሉን ይይዛል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ከቀረ ጠመዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ለጅምሩ ቤት ያለ የቆዳ ሶል ጫማ በቂ ነው፤ ተረከዝ የሚይዝ ይሁን። በሴራሚክ ወለል ላይ ግን የቆዳ ሶል ሊያንሸራትት ስለሚችል እርምጃን ማሳጠር ያስፈልጋል። ሶሉ ከሱዌድ (ገጹ ከተፋቀ ለስላሳ ቆዳ) የተሠራ የዳንስ ጫማ ከተገዛ ውጭ አይረገጥበትም። ሴቶች በረጅም ተረከዝ መጀመር የለባቸውም።

«ትክክለኛው ሳልሳ አንድ ነው»

መሠረቱ ሶንና ማምቦ የተባሉት የኩባ ሙዚቃና ዳንሶች ናቸው፤ «ሳልሳ» በሚለው ስም የገነነው ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ፣ በኩባና በፖርቶሪኮ ተወላጆች ሰፈሮች ነው። ፋንያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ ተመሠረተ። የእኛው ሙላቱ አስታጥቄም በ1966 እዚያው ከተማ የላቲን ምት ያላቸው ሥራዎች ቀርጿል። ዛሬ «ኦን ዋን» አቅጣጫውን 1 እና 5 ላይ ይቀይራል፣ «ኦን ቱ» 2 እና 6 ላይ። የኩባው ካሲኖ ደግሞ በቀጥታ መስመር ፈንታ ተጓዳኞች እርስ በርስ እየተዟዟሩ የሚደንሱት ነው። የቱም ከሌላው አይበልጥም። ይሁንና ሁለት ዓይነት በአንድ ላይ የሚጀምር እግሩ ይምታታበታል፤ ከመመዝገብ በፊት አስተማሪውን የትኛውን እንደሚያስተምር መጠየቅ ነው።

«ብዙ ፊገር የሚያውቅ ጥሩ ደናሽ ነው»

ከቪዲዮ የተለቀሙ ሃያ ፊገሮች (የተቀናበሩ እንቅስቃሴዎች) ምት በሳተ እግር ላይ ምንም አይሠሩም። መሠረታዊው እርምጃ፣ የቀኝ ዙርና ክሮስ ቦዲ ሊድ ብቻ ይዞ አንድ ሙሉ ዘፈን ሳያቋርጡ መደነስ ለመጀመሪያው ወር በቂ ግብ ነው። ምቱ ሲጠፋ ፊገሩን ትቶ ባሉበት መቆም፣ ካምፓናውን መስማት፣ 1 ላይ መልሶ መግባት።