ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ፦ በቴሌብር ዘመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥቅምት 14ን ብዙዎቻችን የምናውቀው በአቡነ አረጋዊ ነው። በዚያው ቀን መርዓዊው (ሙሽራው) ገብረ ክርስቶስም ይታሰባል። የንጉሥ ልጅ ሲሆን በሠርጉ ሌሊት ወጥቶ ሄደ፤ ያለውን ለድሆች ሰጠ፤ በኋላም ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ 15 ዓመት ለምኖ ኖረ። አገልጋዮቹ እጣቢ ሲደፉበት «የጌታችሁ ልጅ እኮ ነኝ» አላለም። ማንነቱን በወረቀት ጽፎ በእጁ ጨበጠ፤ የተነበበውም ካረፈ በኋላ ነው።

እኛስ? ኮዬ ፈቼ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለአንዲት እናት 5 ሊትር ዘይት ይዘን ስንሄድ አስቀድመን የምንመድበው በስልክ የሚቀርጸንን ሰው ነው። ዘይቱን ከእኛ ጋር ይዛ ወደ ስልኩ እንድታይ እናደርጋታለን። ከኋላዋ የብሎኩና የቤቱ ቁጥር ይነበባል። ልጇ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ቪዲዮውን በቲክቶክ አይተውታል። ጌታ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» (ማቴ 6፥3) ብሎ ነበር፤ የእኛ ግራ እጅ ስልክ ይዛ ትቀርጻለች። ያቺ እናት ዘይቱን ያገኘችው በነፃ አይደለም፤ በፊቷ ከፍላለች።

ገንዘቡም ያው ነው። በጽዋ ማኅበሩና በሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው የቴሌግራም ግሩፕ «ያስገባችሁ ስክሪንሾት ላኩ» ይባላል። የቴሌብር መልእክት ላይ ግን ስማችሁ፣ የላካችሁት መጠንና የግብይት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የቀራችሁ ሒሳብም አለ። ይህን ያየ አጭበርባሪ በስም ጠርቶ ይደውላል፦ «እማማ፣ ለቤተ ክርስቲያን 500 ብር አስገብተዋል አይደል? ሁለት ጊዜ ስለተቆረጠ እንመልስልዎ፤ የደረሰዎትን ኮድ ይንገሩኝ።» መጠኑን በትክክል ስለጠራው ያምኑታል። ስለዚህ የግብይት ቁጥሩን ብቻ ቀድታችሁ ለገንዘብ ያዡ በውስጥ ላኩ። ስክሪንሾት ግድ ከሆነ ቀሪ ሒሳቡን ቆርጣችሁ አውጡ። ኮድና የሚስጥር ቁጥር ለካህንም ለልጅም አይነገርም። በቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማን ያያል ለሚለው «ኖባዲ» በሉ፤ እዚያው «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን»ን አብሩ።

ደግሞ ያ የሰጪዎች ዝርዝር! 5,000 የሰጠው ከላይ፣ 20 ብር የሰጠችው ከታች። ሁለት ናስ የጣለችው መበለት (ማር 12፥42) በእኛ ግሩፕ ብትሆን ኖሮ አፍራ ትወጣ ነበር።

«ስውር ከሆነ ማን ይቆጣጠራል?» የምትሉ ልክ ናችሁ። የሚሰወረው ሰጪው እንጂ ሰብሳቢው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፍ ወንድሞችን ላከ (2ቆሮ 8፥20-21)። ኮሚቴው በየወሩ የገባውን ድምር፣ የወጣውንና ቀሪውን ከደረሰኝ ቁጥሮቹ ጋር ይለጥፍ፤ ስም አያስፈልግም።

በስውር መስጠት ደግሞ ከባድ አይደለም። የሰፈር ባለሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ከማን ላይ እንደከበደ እርሱ ያውቃል፤ ስም ሳትጠይቁ ከፍላችሁ «ዱቤሽ ተከፍሏል በላት፣ ማን እንደከፈለ አትንገራት» በሉት። ገጹ ላይ መሰረዙን ብቻ እዩ።

ለምትጽፉና ለምትዘምሩ ልጆቻችንም ይኸው ነው፤ ለመታየት ከመቸኮል በስውር መብሰል ይቀድማል። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ 2 ቤት (ስንኝ) ቅኔ ተነሥቶ መወድስ የሚባለው ባለ 8 ቤት ቅኔ የሚደርሰው ብቻውን ተቀምጦ እየቆጠረ፣ ለየኔታ እያሰማና እየታረመ ነው። እናንተ ግን ግጥሙ ሳይበስል ትለቁታላችሁ፤ ላይክ ያገኘውን ዘማሪ ድምፅና ለቅሶ ሳይቀር ትቀዳላችሁ። እግዚአብሔር የሰጣችሁ የራሳችሁ ድምፅ የት ሄደ?

የለጠፋችሁት የድሃ ቪዲዮ ካለ ዛሬውኑ አጥፉት። ሌላ ሰው አውርዶ ካሰራጨው እናንተ ስላጠፋችሁት አይጠፋም፤ ስለዚህ እናቲቱ ዘንድ ሄዳችሁ ይህንኑ ሳትደብቁ ንገሯት፣ ይቅርታም ጠይቋት። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ።